«ፎር ዊል ነው፣ ምን ያስፈራሃል?»

ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያ መኪናውን ሊገዛ የሚያስብ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «ቪትዝ ግዛ፣ ነዳጅ አትበላም» ይላል። ሌላው «ለዚህ አገር ክረምት የመስክ መኪና ነው እንጂ» ይላል። እኔ ሁለተኛውን ሰማሁ። ዘመዶቼ ፎገራ ሜዳ ላይ ስለሚኖሩ ከወረታ ወጣ ያለው የገጠር መንገድ ለእኔ የግድ ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛሁ። ያኔ ከነገሩኝ ነገር ግማሹ ልክ አልነበረም፤ አንዳንዱን ያወቅኩት ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው።

«ፎር ዊል ካስገባህ ጭቃ አይይዝህም»

ነሐሴ ነበር። ትንሿን ማርሽ ጎትቼ ፎር ዊል፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማ እንዲነዳ፣ አስገባሁና ተዝናንቼ ዋልካው ውስጥ ገባሁ። ሃያ ሜትር ሳልሄድ መኪናው ቆመ። ነዳጅ ስሰጥ ወደ ታች ብቻ ይቆፍራል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ የፊቱ ጎማ እኮ አይዞርም» አለኝ። አላመንኩትም። በኋላ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ደረሰ፤ ወርዶ የፊት ጎማዬን መሃል በጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ይሄን ቆልፈኸዋል?»

«ምኑን?»

ሳቀብኝ፤ ልክ ነው። በብዙ አሮጌ የመስክ መኪኖች የፊት ጎማ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር ክብ መቆለፊያ አለ። አንዱ ጎን «ፍሪ»፣ ሌላው ጎን «ሎክ» ይላል። «ፍሪ» ላይ ከሆነ ውስጥ ተቀምጠህ ማርሹን ብትጎትትም ኃይሉ የፊት ጎማ ጋ አይደርስም። ጭቃ ከመግባትህ በፊት ወርደህ ሁለቱንም ማዞር አለብህ። የኔ ግራው ከመዛጉ የተነሳ በፒንሳ ነው የዞረው። ስለዚህ መኪና ስታይ ሻጩን «እስቲ ቆልፈህ አሳየኝ» በለው። ካልዞረ የተገዛው ሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ ከባድ መኪና ነው።

ደግሞ ቢቆለፍም ተአምር የለም። ተራ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ፣ ኃይሉን ቀላል ሆኖ ወዳገኘው ጎማ ይለቃል። ከፊት አንዱ፣ ከኋላ አንዱ ጎማ ካንሸራተተ ሁለቱ ባዶውን ይሽከረከራሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ቆመው ያያሉ። የዋልካ ጭቃ ደግሞ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ጎማውን እንደ ሳሙና ያሟልጨዋል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ እዚያ ውስጥ ፎር ዊል ቢሆን ባይሆን ለውጥ የለውም። ያን ቀን ያወጣን መቆለፊያው ብቻ አይደለም፤ ሾፌሩ የአራቱንም ጎማ አየር በግማሽ ገደማ አስተነፈሰ። ጎማው ሲሰፋ መሬቱን በደንብ ይይዛል። አስፋልት ላይ ስትወጣ ግን መልሰህ መንፋት አለብህ፤ በለሰለሰ ጎማ በፍጥነት መንዳት ጎማውን አግሎ ያፈነዳል።

ፍሬን ላይም ፎር ዊል አይረዳም። ለመነሳት ነው እንጂ ለመቆም አራት ጎማ ሁሉም መኪና አለው።

«ለጥንቃቄ ሁልጊዜ ፎር ዊል ላይ ይሁን»

በእንደ እኔ ዓይነቱ መኪና ይሄ ጥንቃቄ ሳይሆን ጥፋት ነው። ስትታጠፍ የፊት ጎማና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይጠፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሄጃ ያጣል፤ ጭነቱ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ላይ ያርፋል። መሪው ይከብዳል፣ መኪናው የተያዘ ይመስላል። መሃል ላይ ተጨማሪ ዲፈረንሻል ኖሯቸው ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄዱ መኪኖችም አሉ፤ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቅ አትግዛ።

«ላንድክሩዘር አያረጅም»

ያረጃል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ዝናው በአብዛኛው የመጣው ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተገጠመለት ዋን ኤች ዜድ ከሚባለው 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ነው። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አዛምዶ የሚያስኬድ፣ ጊዜውን ጠብቆ መቀየር ያለበት ከላስቲክ የተሠራ ቺንጋ አለው። እሱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዝናው ማውራት አያስፈልግም። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ፣ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር።

ሞተሩን በጠዋት፣ ቀዝቅዞ እያለ አስነሳው። ቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅህ ሻጭ አንድ ነገር ሊደብቅ ይችላል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በለጠ ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮ ወይም የናፍጣ ኖዝል ሊሆን ይችላል፣ አያስደነግጥም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ፣ በተለይ የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ) ነገር ነውና ቻው ብለህ ሂድ።

«ዳገት ላይ ይደክማል» ተብሎ የሚጣል ሞተርም አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር ከባሕር ጠረፉ በአምስት እጅ አንድ ገደማ ያነሰ ነው። መድከሙ ሁሌ በሽታ አይደለም።

«ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው፣ ገና አልተነዳም»

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ እይ። ቆጣሪው 90 ሺህ እያለ ላስቲኩ ተልጦ ብረቱ ከወጣ፣ ፔዳሉን እመነው።

«ሊብሬው እጁ ላይ ካለ አለቀ»

ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ ካሉት የመስክ መኪኖች ብዙዎቹ በዕርዳታ ድርጅትና በፕሮጀክት ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። እንዲህ ያለው መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወይም ጉዳዩ በጉምሩክ ሳያልቅ ስሙ ወደ አንተ አይዞርም። ሊብሬው ንጹሕ ቢመስልም ስም ሊዞር ሲል ነው ችግሩ ብቅ የሚለው። ደላላው ያኔ ስልክ አያነሳም።

ሌላው ውክልና ነው። «ባለቤቱ ውጭ ነው፣ እኔ ወኪል ነኝ» ሲባል ውክልናው ለመሸጥ የሚል መሆኑን አንብብ። ለመንዳትና ለማስተዳደር ብቻ የተሰጠ ውክልና መኪና አይሸጥም። ከዚያ መኪናው ሥር ግባና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በፊደል በፊደል አስተያይ። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። የዋስትና ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበትም መኪናው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ። እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ደላላው «እንዲህ የሚጠራጠር ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝ። ይበል።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ፈላጊው በዝቷል። «ዛሬ ካልወሰድከው ሌላ ሰው እየመጣ ነው» የሚለው ወሬ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

«የመስክ መኪና ውሃ አይፈራም»

ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይመስላል። ሞተር የሚሞተው ውሃ በአየር መሳቢያው ሲገባ ነው፤ ስለዚህ መሳቢያው የት ቁመት ላይ እንዳለ ኮፈኑን ከፍተህ እወቅ። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ዲፈረንሻሉን ነው። በሙቀት ላይ ያለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በሲሎቹ (በማሸጊያ ላስቲኮቹ) እና በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። ከላይ ምንም አይታይም። ከጥቂት ወራት በኋላ ኩሽኔታው መጮኽ ይጀምራል።

ምርመራው ቀላል ነው። ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ ስትመለስ ጋራዥ ወስደህ የዲፈረንሻሉን የዘይት መሙያ ቡሎን አስፈታ፣ ጣትህን ነክረህ ዘይቱን እይ። ጥቁር ወይም ጥርት ያለ ቡናማ ከሆነ ዝጋው፤ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል። የኔ የመጀመሪያው ክረምት ሲያልቅ ልክ እንደ ሻይ በወተት ሆኖ ወጣ። መካኒኩ ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ቁርስ በልተሃል?» አለኝ።