«የማውቀው አለማወቄን ብቻ ነው»፦ ሶቅራጥስ እንዲህ አላለም

ይህን አባባል በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ተለጥፎ ወይም በንግግር መዝጊያ ላይ ተጠቅሶ ያላገኘው ሰው ጥቂት ነው። እኔን የሚያስቀኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ሌላውን አላናግር ብሎ ሲያበቃ፣ ጥያቄ ሲመጣበት «እኔ እንኳ የማውቀው አለማወቄን ብቻ ነው» የሚለው ሰው ነው። ትሕትና ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በር መዝጊያ ነው።

ምንጩ የሶቅራጥስ ተማሪ የነበረው ፕላቶ የጻፈው «አፖሎጊያ» ነው። ቃሉ የእንግሊዝኛውን «አፖሎጂ» ቢመስልም በግሪክኛ የመከላከያ ንግግር ማለት ነው፤ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በአቴና ፍርድ ቤት ቆሞ ይቅርታ አልጠየቀም። ለዳኞቹ የተረከው ታሪክ እንዲህ ነው። ካይሬፎን የሚባል ወዳጁ የአፖሎ አምላክ ትንቢት ወደሚነገርበት ወደ ዴልፊ ሄዶ «ከሶቅራጥስ የሚበልጥ ጠቢብ አለ?» ሲል ጠየቀ። የአፖሎ ነቢይት «የለም» አለች። ሶቅራጥስ ግራ ገባውና ትንቢቱን ሊያፈርስ ወደ አንድ ታዋቂ ፖለቲከኛ ዘንድ ሄደ። ስሙን አይጠራም። አነጋገረው፣ መረመረው፤ ሰውየው ተቀየመ። ሲመለስ ለራሱ ያለው በግርድፉ ይህ ነው፦ «ሁለታችንም ይህ ነው የሚባል ቁም ነገር የምናውቅ አይመስለኝም። እርሱ ግን ሳያውቅ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ እኔ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አላስብም። በዚህች በትንሿ እበልጠዋለሁ።»

ግሪክኛው «ሃ ሜ ኦይዳ፣ ኡዴ ኦዮማይ ኤይዴናይ» ይላል፤ «የማላውቀውን፣ አውቃለሁ ብዬም አላስብም» ማለት ነው። ቦታውን ማየት የሚፈልግ ሰው በብዙዎቹ ትርጉሞች ጠርዝ ላይ 21ዲ የሚለውን ይፈልግ፤ ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1578 በጄኔቫ ከታተመው የፕላቶ ሥራዎች የእስቴፋኑስ እትም የተወረሰ ነው። «ምንም አላውቅም» የሚል ቃል ግን እዚያ መስመር ላይ የለም። «ሳያውቅ የሚያውቅ ይመስለዋል» የተባለውን ሰው የእኛም ተረት ያውቀዋል፦ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል»። ሳሚው ጥሩ የሳመ ይመስለዋል።

ታዲያ ዛሬ የምንጠቅሰው ቃል ከየት መጣ? ከሮም ነው። ሮማዊው ተናጋሪና ጸሐፊ ሲሴሮ ራሱ በጻፈው ምልልስ ውስጥ ቫሮ የተባለውን ምሁር አናግሮ፣ ሶቅራጥስ «ይህንኑ ካልሆነ በቀር ምንም አላውቅም» ይል ነበር አሰኘው። ከሲሴሮ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ አካዳሚ የተባለውን የፕላቶን ትምህርት ቤት የመራው አርኬሲላዎስ ደግሞ፣ ሲሴሮ እንደሚነግረን፣ ሶቅራጥስ ለራሱ ያስቀራትን ያቺን አንዲት እውቀት እንኳ «አትታወቅም» ብሎ ነጠቀው። ንጽጽር የነበረው ነገር እውቀትን ፈጽሞ መካድ ሆነ።

ምሁራን አሁንም ይከራከሩበታል፤ ምክንያታቸውም ከዚያው ንግግር የወጣ ነው። ጥቂት ገጽ ዝቅ ብሎ፣ 29ቢ ላይ፣ ሶቅራጥስ በደል መሥራትና ከራስ ለሚበልጥ፣ አምላክም ሆነ ሰው፣ አለመታዘዝ ክፉና አሳፋሪ መሆኑን «አውቃለሁ» ይላል። አላውቅም ያለ ሰው እንዴት አውቃለሁ አለ? ግሪጎሪ ቭላስቶስ እ.ኤ.አ. በ1985 «ማወቅ» የሚለውን ቃል ለሁለት ከፈለው፦ ፈጽሞ የማይናወጠው እውቀት አንድ፣ በጥያቄ ተፈትኖ የጸናው ሌላ። ሶቅራጥስ የካደው የመጀመሪያውን ነው አለ። ጌል ፋይን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2008 ሶቅራጥስ ምንም አለማወቁን አውቃለሁ ብሎ እንዳልተናገረ ተከራክራለች። እኔ ወደ እርሷ አደላለሁ፤ የቭላስቶስ አከፋፈል ብልህ ቢሆንም ለዳኞች በሚነገር ንግግር ውስጥ አንድ ቃል ያለ ማስጠንቀቂያ ሁለት ፊት ይኖረዋል ማለት ይከብደኛል።

ጥቅሱ ሲያጥር ከተጣሉት ውስጥ በጣም የሚቆጨኝ የእጅ ባለሙያዎቹ ናቸው። ሶቅራጥስ ከፖለቲከኞችና ከባለቅኔዎች በኋላ ወደ እነርሱ ሄዷል። «እኔ የማላውቀውን በእርግጥ ያውቃሉ፣ በዚያም ይበልጡኛል» ብሎ መስክሮላቸዋል። ጥፋታቸው ሥራቸውን ጠንቅቀው ስላወቁ ትልቁንም ነገር ሁሉ ያወቁ ስለመሰላቸው ነው። እውቀት የሚባል ነገር የለም የሚል ሰው እንዲህ አይመሰክርም።

ሶቅራጥስ ወደ እኛም የመጣው እንዲሁ በአጭር አባባል ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ሶቅራጥስንና ፕላቶን በምክርና በአባባል ያቀርባቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ ጥያቄ ሲጠይቅ የኖረው ሰው በግዕዝ መካሪ ሆኖ ገባ።