የቤት ቢራና የሆፕ ምሬት፦ ስሌቱ ደጋ ላይ ለምን ይስታል?

ጎጃም ውስጥ ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው ቢራ በቤቱ ልሞክር ሲል መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው ሆፕ፣ ቢራን የሚያመርረውና መዓዛ የሚሰጠው አበባ፣ ነው። ምን ያህል ልጨምር? ኢንተርኔት ላይ ያለው የምሬት ማስያ አንድ ቁጥር ይነግራችኋል፣ ቢራው ሲቀመስ ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሆፑ ምንም አላጠፋም። ችግሩ ይዘን የምንነሳው ሐሳብ ነው።

«ሆፕ ያው የፈረንጅ ጌሾ ነው፣ በጌሾው ልክ ጨምረው»

ሁለቱም ያመርራሉ፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ጌሾን ለጥንስስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ብትተዉት በራሱ ጊዜ ምሬቱን ይለቃል። ሆፕ እንዲህ አይደለም። የምሬቱ መነሻ የሆነው አልፋ አሲድ ውሃ ውስጥ እንደ ልብ አይሟሟም፤ ሲፈላ ግን ይለወጥና ኢሶ አልፋ አሲድ ይሆናል፣ ምላስ የሚይዘው ምሬትም ያኔ ይመጣል። አይቢዩ የሚባለው መለኪያ የሚቆጥረው በግርድፉ ይህንኑ ነው፤ 1 አይቢዩ ማለት በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ 1 ሚሊግራም ኢሶ አልፋ አሲድ ነው። የጌሾ ምሬት የሚመጣው ጌሾይዲን ከሚባል ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ማስያው ላይ በሆፕ ቦታ ጌሾ አስገብቶ ቁጥር መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

«ፈላ ካልን ፈላ ነው፣ የትም ቢሆን»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ለእኛ ለደገኞቹ ዋናው ጣጣ ይሄ ነውና። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ድስቱ የፈለገውን ያህል ቢንተከተክ ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል፣ እሳት ብትጨምሩበትም እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይወጣም። ባሕር ዳር ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ ትደርሳለች።

ስምንት ዲግሪ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ብዙ አላት እንጂ! ከኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አልፋ አሲድ በምን ያህል ሙቀት ለመለወጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለክቷል፤ በዚያ ሒሳብ 92 ዲግሪ ላይ ያለው ፍጥነት የ100ውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። አልፋው 6 በመቶ የሆነ 25 ግራም ሆፕ ለ20 ሊትር ቢራ እንበል። ውስጡ ያለው አልፋ 1,500 ሚሊግራም ነው፣ ለሊትር 75 ይደርሳል። የቤት ጠማቂዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት የግሌን ቲንሴት ቀመር ደግሞ፣ ዎርቱ (ገና ያልቦካው ጣፋጭ የብቅል ውሃ) በሃይድሮሜትር፣ ማለትም በፈሳሽ ውፍረት መለኪያ፣ 1.050 ሆኖ 60 ደቂቃ ከፈላ ከዚህ 23 በመቶ ያህሉ ቢራው ውስጥ ይገኛል ይላል። 17 አይቢዩ መሆኑ ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሳችሁ ስታሰሉት ማርቆስ ላይ የሚወጣው 13 ብቻ ነው። 90 ደቂቃ ካፈላችሁት ወደ 16 ይጠጋል፤ ካልሆነ ሆፑን ወደ 32 ግራም ከፍ ማድረግ ነው። ሆፕ እንደ ጌሾ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው የሚገዙት ነገር ስላልሆነ እኔ ማገዶውን እመርጣለሁ።

«እጥፍ ካፈላሁት እጥፍ ይመራል»

አይመርም። ምሬት መጀመሪያ ይሮጣል፣ ኋላ ይደክመዋል። በዚያው ቀመር 15 ደቂቃ ላይ የ60 ደቂቃውን ግማሽ አግኝታችኋል። ባሕር ጠለል ላይ ከ60 ወደ 90 ደቂቃ ቢኬድ የሚገኘው ጭማሪ 7 በመቶ ቢሆን ነው። ደጋ ላይ ሁሉም ነገር ስለሚዘገይ ነው ያቺ ግማሽ ሰዓት ዋጋ ያላት።

«ፓኬቱ ላይ ያለው ፐርሰንት አይለወጥም»

ሆፑ ትኩስ እያለ የተለካ ነው። ፓኬቱ ተከፍቶ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ከከረመ አየርና ሙቀት አልፋውን ይበሉታል። አሸቱት፤ የቆየ አይብ የሚሸት ከሆነ ቁጥሩን አትመኑት። አየር እንዳይገባው አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ማስያው ላይ ሊትሩንም ስታስገቡ እሳት ላይ ስትጥዱት የነበረውን ሳይሆን ፈልቶ ሲያበቃ የቀረውን ይሁን።

«ማስያው 17.3 ካለ 17.3 ነው»

ከነጥብ በኋላ ያለችውን ተዉአት። ያንኑ 25 ግራም ሬገር በሚባለው ሌላ ቀመር ብታሰሉት 23 ይላችኋል። ሆፑም ድስቱም አልተቀየረም! እውነተኛውን የሚያውቀው ቢራውን በ275 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካው ላቦራቶሪ ነው። ቤት ውስጥ የሚያዋጣው አንዱን ቀመር ይዞ መቆየት ነው፤ ያኔ ቁጥሩ ልክ ባይሆን እንኳ ያለፈውን ከዘንድሮው ማወዳደር ትችላላችሁ። ደግሞ ምላስ የሁለት የሦስት አይቢዩ ልዩነት ብዙም አይለይም። የብቅሉ ጣፋጭነት ምሬቱን ስለሚሸፍነው፣ ወፍራም ጥቁር ቢራ 40 አይቢዩ ሆኖ 30 ካለው ቀጭን ቢራ ለስለስ ሊል ይችላል።

«እሳቱ ከጠፋ በኋላ የገባ ሆፕ አያመርርም»

የቲንሴት ቀመር ለዜሮ ደቂቃ ዜሮ ይሰጣል፣ ብዙ ሰውም እሱን አምኖ ለመዓዛ ብሎ ይዘግናል። ግን ዎርቱ እስከሚቀዘቅዝ ድረስ አልፋው መለወጡን አያቆምም። ማቀዝቀዣ የመዳብ ቱቦ የሌለው ሰው ድስቱን ከድኖ ካሳደረው ያልቆጠረውን ምሬት ይጠጣል። ድስቱን ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡትና ውሃውን እየቀያየራችሁ አብርዱት፣ የመዓዛውን ሆፕ ደግሞ ከ80 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጨምሩት።