የመማሪያ ክፍል የእንቅስቃሴና የአተነፋፈስ ፋታ በሰሜን ሸዋ

የእንቅስቃሴና የአተነፋፈስ ፋታ መምህሩ ትምህርቱን ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ገታ አድርጎ፣ ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውንና የአካላቸውን እንቅስቃሴ ልብ እያሉ የተበተነ ሐሳባቸውን የሚሰበስቡበት ልምምድ ነው። ሜዳም ሆነ የስፖርት ልብስ አያስፈልገውም፤ ዴስክ አጠገብ ቆሞ፣ ቦታ ከጠበበም እዚያው ተቀምጦ ይደረጋል። ሥሩ በእስያ የቆዩ የተመስጦ ልማዶች ውስጥ ነው። ሃይማኖታዊ ይዘቱ ተለይቶ በሕክምናው ዓለም እንዲታወቅ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን ሲሆን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕሙማን የስምንት ሳምንት ሥልጠና ጀመረ። ትምህርት ቤቶች የተቀበሉት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ሰሜን ሸዋ የተባለው መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልል ዞን ነው፤ በኦሮሚያ ክልል መቀመጫው ፍቼ የሆነ ሌላ ሰሜን ሸዋ ዞን አለ። ስለ ትንፋሽ ሲነሣ የአካባቢው መልክዓ ምድር ራሱ ጉዳይ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ከጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ተወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ደግሞ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብሎ ብርዱ በሙቀት ይተካል። በደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ለምዶታል። ከቆላ በቅርቡ የመጣ ተማሪ ግን ቶሎ ቶሎ ሊተነፍስና ራሱን ሊያመው ስለሚችል፣ «በኃይል ሳቡ፣ ያዙት» የሚል ትእዛዝ ለደጋ ክፍል አይመከርም።

ዋናው ሥራ የሚሠራው በሚወጣው ትንፋሽ ነው። አየር ስናስገባ የልብ ምት በጥቂቱ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። ምቱን የሚያዘገየው ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ እስከ ልብና ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። አወጣጡ ከአገባቡ ረዘም ሲል ይህ የማረጋጋት ሥራ ይጎላል። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ አተነፋፈሱን ወደ 6 ገደማ ሲያወርደው በልብ ምቱ ላይ የሚታየው ለውጥ ጎልቶ ይወጣል። ልጆች ወትሮም ከአዋቂ ፈጠን ብለው ስለሚተነፍሱ እዚህ ቁጥር ላይ ለማድረስ መታገል አያስፈልግም፤ አወጣጡን ማስረዘም ብቻውን ይበቃል። በጥልቀትና በፍጥነት ደጋግሞ መተንፈስ ግን ተቃራኒውን ያመጣል። በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልጁ ያዞረዋል፣ ጣቶቹም ይደነዝዛሉ። በሙሉ ልብ የጀመሩ መምህራን ልምምዱን የሚተዉት ብዙ ጊዜ አንድ ተማሪ በዚህ ምክንያት ሲያዞረው አይተው ስለሚደነግጡ ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም መፍትሔው ቀላል ነው፦ በኃይል ከመሳብ ይልቅ ቀስ ብሎ ማስወጣት።

ለብርዳማ የደጋ ጠዋት የሚስማማ አንድ አካሄድ እነሆ። ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ልጆች ደብተራቸውን ይዘጋሉ፣ ሁለት እግራቸውን ወለሉ ላይ ያሳርፋሉ። መዳፋቸውን እስኪሞቅ ያፋትጉና ጉንጫቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ይህ ብቻውን ክፍሉን ጸጥ ያደርገዋል። ቀጥሎ ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ከፍ አድርገው በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። ከዚያ የግራ እጃቸውን ጣቶች ዘርግተው በቀኝ ሌባ ጣታቸው ከአውራ ጣት ጀምረው ዳር ዳሩን ይከተላሉ፦ ወደ ላይ ሲወጡ በአፍንጫ ያስገባሉ፣ ወደ ታች ሲወርዱ ቀስ ብለው ያስወጣሉ። አምስት ጣት፣ አምስት ትንፋሽ። በአፍንጫ መሳቡ ለቅንጦት አይደለም፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሳንባ ሳይደርስ የሚሞቀውና የሚረጥበው እዚያ ነው፤ ብርድ አስም ለሚቀሰቅስባቸው ልጆች በተለይ ይጠቅማል።

አካልንና ትንፋሽን ለትምህርት ማሰለፍ ለሰሜን ሸዋ ባዕድ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ሲቆጠር ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ ያዜማሉ፤ ዜማው ሲገፋ መቋሚያና ጸናጽል የአካሉን እንቅስቃሴ ከቃሉ ጋር ያጣምራሉ። በአንኮበር ሥር በአልዩ አምባ አካባቢ እንዳሉት ባሉ የሙስሊም መንደሮችም ቁርኣን የሚቀሩ ልጆች አካላቸውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ያነባሉ። ዓላማው አንድ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ እነዚያ የአምልኮና የቃል ጥናት ሥርዓቶች ናቸው። ግን ልጅን ድንጋይ አድርጎ ማስቀመጥ የትኩረት ማረጋገጫ እንዳልሆነ የአካባቢው መምህራን ከጥንት ያውቁ እንደነበር ያሳያሉ።

የምርምር ውጤቱ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ተካሂዶ በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ አሥር ደቂቃ ያህል የክፍል ውስጥ እንቅስቃሴ ያደረጉ ተማሪዎች በሥራቸው ላይ የማተኮር ባሕርያቸው 8 በመቶ ገደማ ተሻሽሏል። በሌላ በኩል በብሪታንያ ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበትና በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ይፋ የሆነ ትልቅ ሙከራ፣ የአስተውሎት ሥልጠናን (ትንፋሽንና ሐሳብን ልብ የማለት ልምምድን) በጅምላ ለሁሉም መስጠት የልጆቹን የአእምሮ ጤና ከመደበኛው ትምህርት በተሻለ እንዳላሻሻለ አሳይቷል፤ የመምህራኑን ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛል ግን ቀንሷል። ስለዚህ ከዚህ ፋታ መጠበቅ ያለበት የሚቀጥለው ሃያ ደቂቃ የተሻለ እንዲሆን እንጂ የልጁ ችግር እንዲፈታ አይደለም። ቁርስ ሳይበላ ለመጣ ልጅ ትንፋሽ ምግብ አይሆነውም።

ሰዓቱን መምረጥም ዕውቀት ይጠይቃል። በመንዝ ገጠር ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ የደረሰ ተማሪ አካሉ በቂ ሠርቷል፤ ለእርሱ ጠዋት ላይ ጸጥ ያለ ትንፋሽ ይሻላል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን የሚኖር የከተማ ልጅ ግን ቆሞ መንጠራራት፣ መዞር፣ እጅ ማወናጨፍ ያስፈልገዋል። በሸዋ ሮቢት የከሰዓት ፈረቃ ደግሞ ውኃ መጠጣትና በጥላ ሥር በዝግታ መንቀሳቀስ ይቀድማል። ፋታው ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አጋማሽ፣ የልጆቹ ዓይን ከጥቁር ሰሌዳው መሸሽ ሲጀምር ቢሆን ይመረጣል። ለረበሸ ተማሪ ቅጣት ሆኖ ከተሰጠ ግን ዋጋው ያኔውኑ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ትንፋሽን ከውርደት ጋር ያያይዘዋል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የጦርነት ጠባሳ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር፤ አጣዬ በተደጋጋሚ ተቃጥላለች፤ በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ተፈናቅለው የመጡ ሕፃናት ይማራሉ። እንዲህ ያለ ልጅ «ዓይንህን ጨፍን» ሲባል የሚታየው ያየው ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓይን መጨፈን ግዴታ መሆን የለበትም፤ ዴስኩን ወይም መስኮቱን መመልከት ይፈቀዳል፤ መምህሩ ከኋላ አይመጣም፣ ሳያስጠነቅቅ አያጨበጭብም፣ በሩን አይዘጋም። ዓይን ተከፍቶ መቅረቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ የሚሠጋ ወላጅ ቢመጣ፣ የሚያየው እጁን የሚያሞቅና የሚተነፍስ ልጁን ብቻ ነው። ወላጆችን በዓመቱ መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ጠርቶ አብሮ ማሠራት ደግሞ ከማስረዳት ይልቅ ያሳምናል።