የድንጋዩ ዕድሜ የሕንፃው ዕድሜ አይደለም

ከጥንታዊ ሕንፃ ተወስዶ በኋለኛ ዘመን ግንብ ውስጥ ዳግም የገባ ቅርጽ ያለው ድንጋይ በአጥኚዎች ዘንድ «ስፖሊያ» ይባላል። እንዲህ ያለው ድንጋይ የሚመሰክረው ግንቡ ከእርሱ በኋላ መሠራቱን ብቻ ነው፤ ምን ያህል በኋላ እንደሆነ ግን አይናገርም። በየሐ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ከታነጸው ታላቅ ቤተ መቅደስ አጠገብ ባለው የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የዋልያ ምስል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ቢታዩም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከእነርሱ እጅግ የዘገየ ነው።

የግንበኞቹን ሐሳብ መለየት ይበልጥ ያስቸግራል። በአቴንስ «ትንሹ ሜትሮፖሊስ» በሚባለው ቤተ ክርስቲያን፣ የጥንት ግሪኮችን በዓላት በሚያሳየው ቅርጽ ላይ መስቀል ተቀርጾበታልና ድንጋዩን ለክርስትና የማዋል ፍላጎት በግልጽ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ምልክት በሌለበት ግን፣ ተጠርቦ የተገኘ ድንጋይ ድካምና ወጪ ስለሚቀንስ፣ ሁሉን ነገር የሃይማኖት ድል አድርጎ መተርጎም ችኮላ ይመስለኛል።