ኤምቢኤ ምንድን ነው? ሥራ ሳይለቁ መማርስ?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ «ኤምቢኤ ልጀምር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ ባንክ ይሠራል፣ ሌላው የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ፣ ሌላዋ ወረዳ ፋይናንስ። ብዙዎቹ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ነው የሚማሩት።

ኤምቢኤ በንግድ ሥራ አመራር የሚሰጥ የማስተርስ ዲግሪ ነው። አንድ ሙያ ይዞ ወደ ጥልቁ አይወርድም። ሒሳቡን፣ ፋይናንሱን፣ ገበያውን፣ የሰው ኃይሉንና ስትራቴጂውን አገናኝቶ ያሳያል። ለዚህ ነው ግብርና ወይም ምህንድስና የተማሩ ሰዎችም የሚፈልጉት።

ትምህርቱን በ1908 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሃርቫርድ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ላይ ላሉ ኃላፊዎች ብቻ «ኤግዚክዩቲቭ ኤምቢኤ» ከፈተ። እኛ ጋ ኤክስቴንሽን የምንለው ግን ብዙ ጊዜ ያው መደበኛው ትምህርት ነው፤ ሰዓቱ ነው ለሠራተኛ የተመቻቸው። ለመግባትም የመጀመሪያ ዲግሪና የትምህርት ሚኒስቴር የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያስፈልጋል።

እኔ ግን የሠራተኛ ተማሪ ትልቁ ዕድል ሰዓቱ አይመስለኝም። ቅዳሜ የተማረውን ሰኞ ቢሮው ሄዶ መሞከር መቻሉ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፋይናንስ ላይ «የሥራ ማስኬጃ ካፒታል» የሚባል ነገር አለ፤ ዕቃ ለመግዛትና የዕለት ሥራውን ለማስኬድ የሚያስፈልግ ገንዘብ ማለት ነው። መጽሐፉ ላይ ደረቅ ነው። ቡሬ አካባቢ በቆሎ ለሚሰበስብ ሰው ግን የዕለት ኑሮው ነው። እንበል በጥር 400 ኩንታል በ4,000 ብር ገዛ። 1.6 ሚሊዮን ብር መጋዘን ገባ ማለት ነው። ገንዘቡ በዓመት 15 በመቶ የሚወለድበት ብድር ከሆነ፣ እስከ ሐምሌ ለስድስት ወር ሲያቆየው ወለዱ ብቻ 120,000 ብር ይሆናል። በኩንታል 300 ብር። የመጋዘን ኪራዩ፣ የጫኝና አውራጁ፣ የነቀዙ ገና አልተነካም። (ጤፍ ቢሆን ነቀዙ እንኳ ይቀር ነበር።) «ክረምት ላይ ይወደዳል» ብሎ ማስቀመጥ ብቻውን ትርፍ አይሆንም። ዋጋው ከ4,300 ብር በላይ ካልሄደ ኪሳራ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ሲሰማ ወዲያው የሚገባው፣ መጋዘኑን የሚያውቀው ሰው ነው።

ድካሙ ቀላል አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከዳንግላ ተሳፍሮ የሚማር ሰው እሁድ ማታ ደክሞት ነው የሚመለሰው። መንገድ ሲዘጋ ክፍሉ ያመልጠዋል። የቤተሰቡ ጊዜም አብሮ ይሄዳል። ከመመዝገብ በፊት ከባል ወይም ከሚስት ጋር በደንብ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ይህን ከምር ነው የምለው።

ብዙ ሰው የሚቆመው ኮርሱን ጨርሶ ቴሲሱ (የመመረቂያ ጥናቱ) ላይ ነው። ርዕስ ሲጠፋው «የማበረታቻ ክፍያ በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብሎ መጠይቅ ይበትናል። ያሳዝነኛል። የራሱ መሥሪያ ቤት መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ሞልቶታል። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ አንዱን ይዞ፣ ከአለቃው ጋር ተማክሮ፣ የመረጃ ፈቃዱን ቶሎ ቢያወጣ ይሻለዋል። ዩኒየን ውስጥ የሚሠራው ለምሳሌ «ባለፉት አምስት ዓመታት በቆሎውን በየትኛው ወር ብንሸጥ ይሻለን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ደረሰኙ እዚያው መዝገብ ቤት ተቀምጧል።