ለከባድ መኪና ተለይቶ የሚወጣ የፍጥነት ወሰን ምንድን ነው? ከፍ ቢልስ?

በብዙ አገር አውራ ጎዳና ላይ አንድ ምልክት ሁለት ቁጥር ይዞ ይቆማል። አንዱ ለትንንሽ መኪና፣ ሌላው ለከባድ መኪና። መንገዱ አንድ ነው። አስፋልቱም ኩርባውም አንድ ነው። ተሳቢ የሚጎትተው ሾፌር ግን ከጎኑ ከሚያልፈው አውቶሞቢል በ10፣ በ20፣ አንዳንዴም በ40 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲነዳ ይታዘዛል። ተለይቶ የወጣ የፍጥነት ወሰን የሚባለው ይሄ ነው።

ከኋላ ለሚመጣ ሰው ነገሩ ያበግናል። በጠባብ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የከባድ መኪና ጭራ ያየ ሰው «ምናለ ትንሽ ፈጠን ቢል?» ማለቱ አይቀርም። የሚገርመው ሾፌሩም የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። በመስታወቱ የተሰለፈውን መኪና ያያል፣ ጡሩንባውን ይሰማል፣ አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ በኩርባ ላይ ደርቦ ሊያልፍ ሲሞክር ልቡ ይመታል። ስለዚህ ጥያቄው በየአገሩ በየጊዜው ይነሳል፤ የከባድ መኪና የፍጥነት ወሰን ከፍ ይበል?

መጀመሪያ ለምን እንደተለየ እንይ።

የሚንቀሳቀስ ነገር የሚይዘው ጉልበት ክብደቱ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ነው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ባለተሳቢ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘውን ጉልበት፣ 1.5 ቶን የሚመዝን አውቶሞቢል ልያዝ ቢል በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አለበት። ይህ ሁሉ ጉልበት ማቆም ሲፈለግ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወይ ፍሬን ውስጥ ሙቀት ይሆናል፣ ወይ ፊት ለፊት ባለው ነገር ላይ ያርፋል።

እስቲ ሁለት አንድ ዓይነት ከባድ መኪኖች ጎን ለጎን ሲሄዱ አስቡ። አንዱ በ80፣ ሌላው በ90 ኪሎ ሜትር ነው የሚነዱት። ፍሬናቸው ጥሩ ነው፣ አስፋልቱም ደረቅ ነው። ከፊታቸው ድንገት መንገዱ ተዘጋ። ሁለቱም ሾፌሮች አይተው ፍሬን እስኪረግጡ አንድ ሰከንድ ተኩል ይወስድባቸዋል። በ80 ይሄድ የነበረው 83 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። እዚያችው ቦታ ላይ ሌላኛው ገና በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ሒሳቡን መጀመሪያ ስሠራው ተሳስቼ መስሎኝ ደገምኩት። የ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት ብለን የናቅናት ነገር፣ አንደኛው ቆሞ ሲተነፍስ ሌላው እግረኛ ሊገድል በሚችል ፍጥነት ላይ ነው ማለት ነው።

ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ያው 40 ቶን፣ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ዝቅ በሚል መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲወርድ፣ ፍጥነቱ እንዳይጨምር 390 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ያለማቋረጥ መዋጥ አለበት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሁለት ኪሎ ዋት ነው ብንል፣ ወደ 200 የሚጠጉ ምድጃዎች አንድ ላይ እንደ መለኮስ ነው። ከዚህ ላይ ነፋሱና የጎማው ሰበቃ የተወሰነውን ይቀንሳሉ። የቀረውን ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ልያዘው ካለ ግን ፍሬኑ ይግላል፣ የመያዝ አቅሙ ይደክማል፣ ከዚያ ሁላችንም የምናውቃት አረፍተ ነገር ትመጣለች፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ»። በከባድ ማርሽ ውረድ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ እንዲያወርድ። በ80 ልውረድ ያለ ሾፌር ግን የሙቀቱን ሒሳብ ከ500 ኪሎ ዋት በላይ ያደርሰዋል።

ኩርባውም እንደዚያው ነው። አውቶሞቢል ኩርባ ላይ ከመጠን ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሆነው ጎማው መንሸራተት ነው። ጭነቱን ከፍ አድርጎ የጫነ ከባድ መኪና ግን ሳይንሸራተት በፊት ሊገለበጥ ይችላል። ግማሽ የተሞላ ቦቴ ከሆነ ፈሳሹ ወዲያ ወዲህ ሲላጋ ነገሩን ያባብሰዋል።

እንግዲህ ፊዚክሱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ከፍ ይበል የሚሉት ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው? ምንም አልነካቸውም። የሚያነሱት ነገር ክብደት አለው።

ዋናው ክርክራቸው አደጋ የሚመጣው ከፍጥነት ብቻ ሳይሆን ከፍጥነት ልዩነት ነው የሚል ነው። ሁሉም በአንድ ፍጥነት ከሄደ ማንም ማንንም ለመቅደም አይጋፋም። አሜሪካዊው ዴቪድ ሶሎሞን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት፣ ከመንገዱ አማካይ ፍጥነት በጣም የሚዘገዩትም በጣም የሚፈጥኑትም ለግጭት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ጥናት እስከ ዛሬ «ቀርፋፋም ይገድላል» ለሚሉ ሁሉ ምርኩዝ ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ነቀፌታ አላቸው። ከቀርፋፎቹ ብዙዎቹ በግጭቱ ጊዜ ሊታጠፉ ወይም ወደ መንገዱ ሊገቡ የነበሩ መኪኖች ናቸው። የተጋጩት በመታጠፋቸው እንጂ ዝግ ብለው በመጓዛቸው አልነበረም።

ሁለተኛው ክርክር ወሰኑ የወጣው ለድሮ መኪና ነው የሚል ነው። የዛሬዎቹ ፍሬናቸው የተሻለ ነው፣ ጎማቸው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት አላቸው። በአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ ከባድ መኪኖች፣ ሾፌሩ ቢዘናጋ እንኳ በራሳቸው ፍሬን የሚይዙ እንዲሆኑ ተደርጓል። እውነት ነው። ግን ወሰኑ የሚወጣው ለመንገዱ እንጂ ለአዲስ መኪና ብቻ አይደለም። ያረጀውም በዚያው ምልክት ሥር ያልፋል።

ብሪታንያ ይህን ክርክር እስከ መጨረሻው ወስዳዋለች። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2015 ከ7.5 ቶን በላይ ለሆኑ መኪኖች፣ መካከሉ አካፋይ በሌለው የገጠር መንገድ ላይ ወሰኑን ከ40 ወደ 50 ማይል (ከ64 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ አካፋይ ባለው ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 60 ማይል ከፍ አደረጉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሾፌሮቹ ቀድሞውኑ 40ን አለማክበራቸው ነበር። ሌላው ከኋላ ተሰልፎ በንዴት ደርቦ የሚያልፈው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማሰላት ፈለግሁ። አንድ አውቶሞቢል በ96 ኪሎ ሜትር ከባድ መኪና ይቅደም እንበል። ከመውጣቱ እስከ መግባቱ፣ የሁለቱንም ርዝመትና ክፍተቱን ጨምሮ፣ 72 ሜትር ያህል ብልጫ ማግኘት አለበት። ከባድ መኪናው በ64 ከሄደ ስምንት ሰከንድ ይበቃዋል፣ በተቃራኒው መስመር 216 ሜትር ይሄዳል። ከባድ መኪናው በ80 ከሄደ ግን 16 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ርቀቱም ከ430 ሜትር ያልፋል። እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ወሰኑ ከፍ ሲል ለመቅደም የሚፈልገው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ ልቅደም ብሎ የወጣው ግን በማይሆን ቦታ ላይ እጥፍ ጊዜ ይቆያል። የቱ እንደሚበልጥ ከወንበር ላይ ሆኖ መናገር አይቻልም። ሁለተኛው ግማሽ ግን በክርክሩ ውስጥ ብዙም ሲነሳ አልሰማም።

በተግባር የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ቁጥሩ በ10 ማይል ሲነሳ መኪኖቹ በ10 ማይል አልፈጠኑም። አማካይ ፍጥነታቸው የጨመረው ከዚያ እጅግ ባነሰ ነው። ከፊሉ ቀድሞም ከወሰኑ በላይ ይነዳ ነበር፣ ከፊሉን ደግሞ መንገዱ ራሱ አያስኬደውም።

አካፋይ ባለው መንገድ ላይ ያለው ጉድ ይብሳል። የአውሮፓ ከባድ መኪኖች በሕግ የፍጥነት መገደቢያ አላቸው። መገደቢያ ማለት ሞተሩ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ነዳጅ እንዳያገኝ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ ለጭነት መኪና ልኩ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ነው። 90 ኪሎ ሜትር 56 ማይል ነው። እንግዲህ ምልክቱ 60 ማይል ይፈቅዳል፣ መኪናው 56 ላይ ያንቃል። ጀርመን ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነች። በፈጣን መንገዷ የከባድ መኪና ወሰን 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ብዙዎቹ መገደቢያው እስከሚፈቅድላቸው ይነዳሉ። አንዱ በ90፣ ሌላው በ88 ሲሄዱ ያኛው ይህኛውን ልቅደም ይላል። በሁለት ኪሎ ሜትር ብልጫ ሁለት ባለተሳቢዎች ተያይዘው ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጎን ለጎን መንገዱን ዘግተው ይሄዳሉ። ጀርመኖች ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ የዝሆኖች እሽቅድምድም።

ስለዚህ «ወሰን» ስንል ሦስት ነገር ነው የምናወራው፤ ምልክቱ ላይ ያለው፣ መገደቢያው ላይ ያለውና ሾፌሩ እግር ሥር ያለው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ስለመጀመሪያው ነው፤ ሰው የሚሞተው ግን በሦስተኛው ነው።

ጊዜ ይቆጥባል የሚለውን እንይ። 100 ኪሎ ሜትር በ80 ሲነዳ 75 ደቂቃ ይፈጃል። በ90 ደግሞ ከዚያ በስምንት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያነሰ። ይህም መንገዱ ከጫፍ ጫፍ ሜዳ ከሆነ ነው። ዳገት ላይ ወሰኑን የሚያወጣው ሕጉ ሳይሆን ሞተሩ ነው። የተቆጠበችውም ስምንት ደቂቃ ማራገፊያው በር ላይ ባለው ወረፋ ታልቃለች። በሌላ በኩል ከ80 ወደ 90 ሲኬድ የነፋሱ ግፊት በ27 በመቶ ያድጋል፤ ያ በቀጥታ ነዳጅ ነው። ሕግ ሳያስገድዳቸው መገደቢያውን ዝቅ የሚያደርጉ የትራንስፖርት ድርጅቶች ያሉት ስለ ደግነት ብቻ አይደለም።

ሾፌሩስ ምን ያገኛል? ብዙ ሰው ወሰኑ ከፍ ቢል ሾፌሩ እፎይ ይላል ብሎ ያስባል። እኔ እጠራጠራለሁ። በጉዞ ብዛት ለሚከፈለው ሰው ቀጠሮውን የሚያወጣው ሌላ ነው። ወሰኑ ሲነሳ ያ ሰው ሒሳቡን እንደገና ይሠራል፤ ትናንት በሰባት ሰዓት ይደረስ የነበረው ነገ በስድስት ሰዓት ተኩል ይጠበቃል። ሾፌሩ ያው ጥድፊያው ውስጥ ነው፣ አሁን ግን በበለጠ ፍጥነት።

አሜሪካ ሁለቱንም ጫፍ ይዛለች። ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 የመጣው አገር አቀፍ የ55 ማይል ወሰን በ1995 ሲሰረዝ ውሳኔው ለየግዛቱ ተመለሰ። ካሊፎርኒያ ዛሬም ለከባድ መኪና 55 ማይል ስትል ለሌላው 65ና 70 ትፈቅዳለች። ከባድ መኪናም ሆነ አውቶሞቢል እኩል 75 ማይልና ከዚያ በላይ እንዲሄዱ የፈቀዱ ግዛቶችም አሉ። ብዙው የከባድ መኪና ጎማ የተሠራው ግን እስከ 75 ማይል፣ ማለትም 120 ኪሎ ሜትር ድረስ ለመሸከም ነው። ምልክቱ ጎማውን አልፎት ሄደ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ አካፋይ ባለው ሰፊና ሜዳማ መንገድ ላይ ከወሰኑ ትንሽ መነሳት ይልቅ የሚያሳስበኝ መገደቢያው የተነካካ መኪና ነው። ሁለት አቅጣጫ በአንድ አስፋልት በሚገናኝበት መንገድ ላይ ግን ከፍ ይበል አልልም። ስዊድናዊው ተመራማሪ ዮራን ኒልሰን እንዳሳየው የመንገዱ አማካይ ፍጥነት በአንድ በመቶ ሲጨምር የሞት አደጋ በአራት በመቶ ገደማ ያድጋል። ስኮትላንድም ያኔ በእንግሊዝና በዌልስ መንገድ አልሄደችም። 40 ማይሉን እንዳለ ትታ፣ በፐርዝና በኢንቨርነስ መካከል ባለው ኤ9 መንገድ ብቻ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 50 ማይልን ለሙከራ ፈቀደች። በዚያው ጊዜ ከአንድ ቦታ እስከ ሌላ ቦታ ያለውን አማካይ ፍጥነት የሚለኩ ካሜራዎች ተተከሉ። ሁለቱ ተያይዘው ስለመጡ ለውጡ የየትኛው ነው ብሎ መለየት ይቸግራል። እኔ ግን ገንዘቤን በካሜራው ላይ ነው የማስይዘው።

ሰልፉስ ታዲያ? ከኋላ የሚቃጠለው ሰውስ? ለእሱ መልሱ ፍጥነት ሳይሆን መስመር ነው። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1998 በኢ4 መንገድ ላይ አንድ ነገር ሞከሩ። ሰፋ ያለውን መንገድ በሦስት መስመር ከፈሉት። መካከለኛው መስመር በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ አንዴ ለዚህኛው፣ አንዴ ለዚያኛው አቅጣጫ መቅደሚያ ይሆናል፤ በመሀሉም የብረት ገመድ አጥር ተዘረጋ። ፊት ለፊት መጋጨት ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ የሞት አደጋው በእጅጉ ቀነሰ፤ ዘዴውም በአገሪቱ ተስፋፋ። እዚያ ባለተሳቢ ከባድ መኪና ዛሬም 80 ኪሎ ሜትሩን ይዞ ይሄዳል። ከኋላው ያለው ሰው ጥቂት ደቂቃ ይታገሳል፣ መስመሩ ሲከፈትለት ማንም ፊት ለፊት ሳይመጣበት ያልፋል።