በድንበር ተሻጋሪ ተፋሰሶች የአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክቶች ቅንጅት

በዓለም ላይ ከ300 በላይ የወንዝና የሐይቅ ተፋሰሶችን ሁለትና ከዚያ በላይ አገሮች ይጋሯቸዋል። በእነዚህ ተፋሰሶች ውስጥ የውሃ ሚኒስቴሮች፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣናት፣ የተፋሰስ ኮሚሽኖች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለጋሾችና የአካባቢው ማኅበራት ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ እርከን ያሠራል፣ ሌላው ችግኝ ይተክላል፣ ሌላው የውሃ ጥራት ይለካል። ቅንጅት የሚባለው እነዚህ ሥራዎች እንዳይደራረቡና እንዳይጣረሱ፣ የአንዱም ውጤት ለሌላው እንዲደርስ የሚደረግበት አሠራር ነው። ስምምነት ሲፈረም በዜና ይነገራል፤ ቅንጅቱን በተግባር የሚያቆመው ግን ብዙም የማይወራለት ሥራ ነው፦ በአንድ ዓይነት መንገድ መለካት፣ የተለካውን መለዋወጥ፣ አደጋ ሲደርስ ማን ለማን እንደሚያሳውቅ አስቀድሞ መወሰን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሕግ በኩል ሁለት ሰፊ ስምምነቶች አሉ። አንዱ በ1992 ሄልሲንኪ ላይ የጸደቀው የውሃ ስምምነት ሲሆን፣ መጀመሪያ ለአውሮፓና ለአካባቢዋ የታሰበ ቢሆንም ከ2016 ጀምሮ ለሌሎች አገሮችም ክፍት ሆኗል። ሌላው በ1997 የጸደቀውና በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ የውሃ መስመሮች ስምምነት ነው። ሁለቱም ስምምነቶች አባል አገሮች መረጃ እንዲለዋወጡ ያዝዛሉ። ዝርዝሩን ግን ለየተፋሰሱ ትተውታል።

ብዙ ጊዜ በአርአያነት የሚጠራው የራይን ወንዝ ነው። ወንዙን ከብክለት የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1950 ቢቋቋምም ለረጅም ዓመታት ከስብሰባ ያለፈ የረባ ለውጥ አላመጣም ነበር። ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ በሚገኝ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን እሳት ተነሣ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ ፀረ ተባይ መድኃኒት ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ከተተው፤ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ላይ የነበረ ዓሣ አለቀ። በዓመቱ የጸደቀው የራይን የድርጊት መርሐ ግብር ካስቀመጣቸው ግቦች አንዱ ሳልመን የተባለው ዓሣ በ2000 ወደ ወንዙ እንዲመለስ ማድረግ ነበር። ብልሃቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሳልመን ከባሕር ተነሥቶ ሽቅብ እየዋኘ ገባር ወንዞች ድረስ ሄዶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። አንዱ ግድብ ላይ የዓሣ መወጣጫ ተሠርቶ ቀጣዩ ግድብ ዝግ ከሆነ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተቋም የጎረቤቱን ዕቅድ ሳያይ የራሱን ማቀድ አይችልም። በራይን ላይ ባሉት ግድቦች የኢፈትስሃይም መወጣጫ በ2000፣ የጋምስሃይም በ2006 አገልግሎት ጀመሩ፤ ከእነሱ በላይ ባሉት ግድቦች ግን ሥራው በእጅጉ ተጓትቷል።

የዳኑብ ተፋሰስ ደግሞ 19 አገሮችን ይነካል፤ በዚህ ረገድ የሚስተካከለው ወንዝ የለም። የዳኑብ ጥበቃ ስምምነት በ1994 ሶፊያ ላይ ተፈርሞ በ1998 ሥራ ላይ ዋለ። ሴክሬታሪያቱ ቪየና የሚገኘው ኮሚሽን 14 አገሮችንና የአውሮፓ ኅብረትን ያቀፈ ነው። እዚያ የውሃ ጥራት የሚለካው በጋራ የክትትል መረብ ነው፤ በድንበር ላይ ባሉ ጣቢያዎች ናሙና ከግራ ዳር፣ ከመሃልና ከቀኝ ዳር ይቀዳል። ገባር ወንዝ ይዞት የመጣው ቆሻሻ ገና ሳይቀላቀል አንዱን ዳር ይዞ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከአንድ ዳር ብቻ የቀዳ ከማዶ ካለው ባልደረባው ጋር መከራከሩ አይቀርም። አልፎ አልፎም አንድ ዓይነት ናሙና ለየአገሩ ቤተ ሙከራ ተልኮ ውጤቶቹ ይነጻጸራሉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ይህ ከሌለ «ብክለቱ የመጣው ከእናንተ ነው» የሚለውን ክርክር የሚፈታ ነገር የለም።

የአደጋ ማስጠንቀቂያውም እንዲሁ ነው። በየአገሩ ሌት ተቀን የሚሠራ ማዕከል አለ። ሦስት ተግባር አለው፦ መልእክት መቀበልና ማስተላለፍ፣ የፈሰሰው ነገር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መገምገም፣ ከዚያም በታች ላሉት አገሮች ይነገር ወይም አይነገር ብሎ መወሰን። ጥር 30 ቀን 2000 ሩማንያ ውስጥ ባያ ማሬ አጠገብ የማዕድን ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 100,000 ሜትር ኩብ ገደማ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ያለበት ውሃ ወደ ቲሳ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዳኑብ ወረደ። የዓሣውን እልቂት ማስቀረት አልተቻለም። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ በመድረሱ ግን በታች ያሉት የመጠጥ ውሃ ተቋማት መዘጋጃ ጊዜ አገኙ።

ናይል ላይ መልኩ ይለያል። የተፋሰሱ አገሮች የትብብር መድረክ የሆነው የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ በየካቲት 1999 ሲመሠረት ራሱን እንደ ጊዜያዊ መድረክ ነበር ያየው። ሴክሬታሪያቱ ኢንቴቤ፣ የምሥራቅ ናይል ቢሮው አዲስ አበባ፣ የናይል ኢኳቶሪያል ሐይቆች ቢሮው ኪጋሊ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሰፊ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክቱ ማዕከል ካርቱም ነበር፤ የውሃ ጥራት ክትትልንና እርጥብ መሬቶችን ከማኅበረሰብ አነስተኛ ድጎማዎች ጋር አጣምሮ ይዞ ነበር። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ ኪሱሙ ያለው የሐይቁ ተፋሰስ ኮሚሽንና ጂንጃ ያለው የዓሣ ሀብት ድርጅት አሉ። አንድ ሐይቅ፣ ሁለት ተቋም። እምቦጭ ሲስፋፋ ጉዳዩ የውሃም፣ የዓሣም፣ የመርከብ ጉዞም ስለሚሆን፣ ማን ይምራው የሚለው ሳይለይ ሥራው በየቢሮው ሊንከባለል ይችላል።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ከግንዱ የባሰው ግን አፈሩ ነው። በኢትዮጵያ ከፍታ ቦታዎች የሚታጠበው አፈር ሱዳን ውስጥ የሮዛሪስን ግድብ ሲሞላ ኖሯል። እርከኑን የሚሠራው ገበሬ ማሳውን ያድናል፤ ጥቅሙ ግን ለታችኛው ግድብ ባለቤትም ይተርፋል። ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ከደለሉ ልኬት ይልቅ ይከብዳል። ለዓመታት መልሱ የለጋሾች ገንዘብ ነበር፤ በዓለም ባንክ የሚተዳደረው የናይል ተፋሰስ አደራ ፈንድ በ2003 ተከፍቶ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል። የለጋሽ ገንዘብ የራሱ ጠባይ አለው፦ እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱን የሪፖርት ቅጽ፣ የበጀት ዓመትና አመልካቾች ይዞ ይመጣል። አንድን ተዳፋት ሁለት ፕሮጀክቶች ሁለቴ ቢቆጥሩት ሪፖርቱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው የሁለቱ ካርታ ተደራርቦ ሲዘረጋ ነው።

ፖለቲካውም ከዚህ አይርቅም። የናይል አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በግንቦት 2010 ለፊርማ ሲከፈት ግብጽና ሱዳን ተሳትፏቸውን አቋረጡ፤ ሱዳን በ2012 ተመልሳለች። ኢትዮጵያ በ2013፣ ደቡብ ሱዳን በ2024 ካጸደቁት በኋላ ስምምነቱ በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ውሏል። በሰነዱ መሠረት የኢኒሼቲቩን መብት፣ ግዴታና ንብረት የናይል ተፋሰስ ኮሚሽን ይረከባል፤ ስምምነቱ የሚያስገድደው ግን ያጸደቁትን አገሮች ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ ሲውል ስድስት ነበሩ።